ተቆጥተውም ቢሆን ይምጡ

ውድ መምህሬ ጋሽ ዓለሙ፣

ሰላምዎ ይብዛልኝ። ዶርዜ ላይ ብርዱ እንደጠና ሰምቻለሁ፤ ጉልበትዎስ እንዴት ነው? በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር። "ጮክ በይ፣ አይሰማኝም!" ሲሉኝ ግን ይህን ነገር መጮህ አቃተኝና ስለ ጤናዎ ብቻ ጠይቄ ዘጋሁት። ሾፌራችን በርናባስ ወደ እናንተ ስለሚወጣ ደብዳቤውን ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። እርስዎ ያቋቋሙት የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ከመጪው ዓመት ጀምሮ አዲስ ተማሪ አይቀበልም። ይቁም ብዬ ለዩኒቨርሲቲው ሴኔት ያቀረብኩትም እኔው ነኝ።

እዚህ ላይ ሲደርሱ ወረቀቱን እንደሚያስቀምጡት አውቃለሁ። እባክዎ መልሰው ያንሱትና ይጨርሱልኝ።

ምክትል ፕሬዚዳንት ሁኚ ስባል ምክር ልጠይቅ የመጣሁት እርስዎ ዘንድ ነበር። ክሊኒካችን በር ላይ እጅዎን እየታጠቡ፣ "ግቢ እንጂ! እዚያ ወንበር ላይ በረት የሚያውቅ አንድ ሰው ይቀመጥ" አሉኝ። ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ምን ብዬ ልንገርዎ? ጠዋት የመኝታ ክፍሎቹ ውኃ ጠፋ ይሉኛል። እሱን ሳልጨርስ ምግቡ ተበላሸ ብሎ ተማሪ በሬን ያንኳኳል። ከሰዓት ስብሰባ ነው፤ ሲመሽ ወይ እንግዳ መሸኘት ወይ ልቅሶ መድረስ። በየመሐሉ "ለትምህርት ቤታችን መምህር ይቀጠርልን" እላለሁ፤ በጀት ሲመጣ እባላለሁ። ከመምህሮቻችን ክብሩ ለትምህርት ውጭ አገር እንደወጣ ቀረ። ማሚቱ ባሏን ተከትላ ሐዋሳ ገባች። እርስዎ ጡረታ ከወጡ በኋላ የቀረነው ሁላችንም አንድ ባጃጅ የሚበቃን ሆንን። ክሊኒኩም የሚያሠራው ሰው አጥቶ ተዘጋ።

ባለፈው ግንቦት ለክትባት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቹን ይዤ ጫኖ ወረድኩ። እውነቱን ለመናገር ከስብሰባ ማምለጤም ነበር። እዚያ ወይዘሮ ዘቢደር የሚባሉ ገበሬ አንድ በሬ አሳዩን። ከስቷል፣ ጸጉሩ ቆሟል፤ የቆላ ዝንብ ገንዲ ሳያስይዘው አልቀረም። ማንጎ ጥላ ሥር አሰርነውና ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣውን ሰሊሆምን፣ "ከአንገቱ ደም ውሰድ" አልኩት። ወጋ፤ ሳተው። ደግሞ ወጋ። በሬው ሲፈራገጥ ወደ ኋላ ዘለለና መርፌው ከእጁ ወደቀ።

"ምን ሆንክ?" አልኩት ቀስ ብዬ።

"ዶክተር፣ በሬ ነክቼ አላውቅም" አለኝ መሬት መሬት እያየ። "በቪዲዮ ነው የተማርነው።"

ወይዘሮ ዘቢደር ገመዱን እንደያዙ ሰሙት። አልተቆጡም፤ የባሰኝም እሱ ነው። "ልጄ፣ እኔ ሌላ በሬ የለኝም። አንቺው አድርጊው" አሉኝ።

አደረግሁት። በሬው መድኃኒቱን ወስዶ ተሻለው። እኔ ግን በመልሱ መንገድ አንድ ነገር ብቻ ሳስብ መጣሁ። ይህ ልጅ ነገ "ዶክተር" ተብሎ የሰው ሀብት ፊት ይቆማል። ያንን ማዕረግ የምንሰጠው ደግሞ እኛ ነን።

ከሴኔቱ በፊት ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ገነነ ቢሯቸው ጠሩኝ። "ሌላ ሰው ያቅርበው። የገዛ ቤትሽን አንቺ አታፍርሺ" አሉኝ።

"የገዛ ቤቴ ስለሆነ ነው" አልኳቸው።

አቀረብኩ። እጆች ወጡ፤ የተቃወመ አልነበረም። አንድ ሰው እንኳ ተነስቶ ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ ነበር። ሻይ ጠጣንና ወደሚቀጥለው አጀንዳ፣ ወደ አጥር ጥገናው አለፍን።

ለተማሪዎቹ የነገርኳቸው ራሴ ነኝ። ሰሊሆም እጁን አወጣ።

"እኛስ ዶክተር? መርፌ መያዝ ሳንችል ልንወጣ ነው?"

"አትወጡም" አልኩት። ሳላስበው ነው የወጣኝ። "ክሊኒኩን እከፍተዋለሁ። ጠዋት ጠዋት እኔው አስተምራችኋለሁ።"

ዶክተር ገነነን የጠዋት ስብሰባዎቼን ለሌላ ሰው እንዲሰጡልኝ ለመንኳቸው፤ ካልሆነ ሥልጣኑን እንደምለቅ ነገርኳቸው። እያጉረመረሙ ፈቀዱ። ይኸው ጀምሬያለሁ። ክንዴ ዝሏል፣ ወገቤ አልታዘዝ ብሎኛል። ከክሊኒክ ከነሽታዬ ወደ ቢሮ ስገባ ጸሐፊዬ አገርነሽ ተነስታ መስኮት ትከፍታለች።

የደም ምርመራውንም ቀዶ ሕክምናውንም እንደምንም እወጣዋለሁ። የማልወጣው የወሊድ ሕክምናውን ነው። እናት ሆድ ውስጥ የተጣመመ ጥጃ እንዴት እንደሚዞር እርስዎ እንደሚያስተምሩት የሚያስተምር ዛሬ እዚህ ማንም የለም። ልጆቹ ይህን ሳያውቁ ከወጡ መዝጋቴም ከንቱ ነው።

ስለዚህ ይውረዱልን። ሴቻ ሰፈር እኔ ቤት ያርፋሉ፤ ደረጃ የለውም። ክሊኒኩ ውስጥ ወንበር አስቀምጥልዎታለሁ። እርስዎ ይናገሩ፣ ክንዳቸውን የሚያስገቡት ልጆቹ ናቸው። በርናባስ ሰኞ ጠዋት መኪናውን ይዞ ደጅዎ ይቆማል።

"ዕድሜዬን የፈጀሁበትን ቤት የገዛ ተማሪዬ አዘጋችው" ብለው ያዝናሉ። ክርክር አልፈልግም፤ በጣም ደክሞኛል። ብቻ ተቆጥተውም ቢሆን ይምጡ።

ተማሪዎ ዕድላዊት
አርባ ምንጭ