ስለ ረዳት አሠልጣኞቹ የጻፍኩት ገጽ

ደሴ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 1980 ዓ.ም.

ውድ እናቴ፣ እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ፣

የሰላምታውን ወግ አሳጥሬዋለሁና አይቀየሙኝ። ጤናዎን ከአገራችን ልጅ ከይማርሽ ጠይቄ ተረድቻለሁ። ጉልበትዎ ቢደክምም አሁንም በየወሩ በሃያ አንድ አሸተን ማርያም እንደሚወጡ ነግራኛለች። ይህን ደብዳቤ የምትሰጥዎት እሷው ናት፤ ለገና ወደ ላሊበላ ስለምትወጣ አደራ አልኳት። በፖስታ ብልከው ከእርስዎ በፊት ሌላ ሰው ያነበዋል ብዬ ፈራሁ።

የሚያነብልዎት ቄስ ወልደ ኪዳን እንደሚሆን አውቃለሁ። ወልደ ኪዳን፣ ወንድሜ፣ የሚከብድ ቦታ ላይ ስትደርስ አትዝለል፤ አታለዝበው። እንዳለ አንብብላቸው። ግማሹን አንተም አታውቀውም።

እናቴ፣ ልጅዎን ደርበውን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። የሻው አይደለም።

ይህችን ለመጻፍ ስምንት ዓመት ተኩል ፈጅቶብኛል። አሁን ከጅምሩ ልንገርዎት።

በ1970 ዓ.ም. የስፖርት መምህር ሆኜ ላሊበላ ስመደብ፣ የሥራ ቦታዬ በወረቀት ላይ ማሠልጠኛ ተቋም ቢባልም ተማሪዎቹም እኛም ኮሌጅ ነበር የምንለው። የኳስ ቡድን አቋቁም ተባልኩ። ሜዳው ድንጋይ ነበር፤ የግብ ቋሚ እንኳ አልነበረውም። ቋሚውን እንዲሠራ የታዘዘው አዲሱ አናጢ ደርበው ነበር። ባሕር ዛፉን ተክሎ፣ አፈሩን በእግሩ እየደመደመ ሳለ አንድ ተማሪ የለጋት ኳስ ከፍ ብላ ወደ እርሱ መጣች። መጋዙን ከእጁ ሳይለቅ በደረቱ አበረዳት፣ በጉልበቱ አንዴ ነካ አደረጋት፣ መልሶ ላካት። ከዚያ ወደ አፈሩ ተመለሰ።

«የት ነው የተጫወትከው?» አልኩት።

«ሰፈር ውስጥ» አለኝ ቀና ሳይል።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ረዳቴ አደረግሁት። ሁለተኛው ረዳቴ ወልደ ኪዳን ነበር፤ ያኔ ዲያቆን ነው፣ ጠዋት ይቀድሳል፣ ከዚያ የኮሌጁን ዕቃ ግምጃ ቤት ይከፍታል። አንድ ቀን ልምምድ ሲያይ ቆይቶ «የእኔ ጌታ፣ የእነዚህ ልጆች እግር እኮ ዜማ የለውም» አለኝ። ሳቅኩበት። እርሱ ግን ተከላካዮቹን አሰልፎ በቤተ ክርስቲያን አቋቋም ሥርዓት እያጨበጨበ አንድ ወር አስረገጣቸው። ከዚያ ወዲያ እግር ለእግር የተጠላለፈ ልጅ አላየሁም። ደርበው ኳሱን፣ ወልደ ኪዳን እግሩን፣ እኔ ፉጨቱን ይዘን ሁለት ዓመት ያህል ደስ የሚል ጊዜ አሳለፍን። በሕይወቴ የማልዋሽበት ደስታ ያ ነው።

በዐቢይ ጾም አንድ ቅዳሜ ከደርበው ጋር ይምርሐነ ክርስቶስ ልንሳለም በእግራችን ሄድን። ስንመለስ ዳገቱ ላይ ልናርፍ ተቀመጥንና ሳልጠይቀው ነገረኝ። ሦስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሯል፤ በዩኒቨርሲቲው ቡድን መሐል ሜዳ ይጫወት ነበር። በ1969 ዓ.ም. ከቡድኑ ልጆች አራቱ ተገድለዋል። የእርሱም ስም አናርኪስት ተብሎ ይፈለግ ነበር። አጎቱ ደብቆት፣ አናጢነት አስተምሮት፣ ወደ እርስዎ ሰደደው። ይህን ሁሉ እርስዎ ያውቃሉ።

«አጎቴና እናቴ ብቻ ናቸው የሚያውቁት» አለኝ። «እናቴ ሰው ሲጠይቃት ልጄ አናጢ ነው ትላለች። አንተ ሦስተኛ ሆንክ።»

«ከእኔ አይወጣም» አልኩት። ያውም ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ።

በ1971 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ደሴ ለሚደረግ ውድድር ተጠራን። አዘጋጆቹ ለተመልካች የሚታደል መጽሔት ስለነበራቸው የየቡድኑ ረዳት አሠልጣኞች የኋላ ታሪክ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይላክ አሉ። ያለፈውን ዓመት መጽሔት ለናሙና ላኩልኝ። ገለጥኩት። የአንዱ ቡድን ረዳት ጀርመን አገር የሠለጠነ ነው። የሌላው ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ ነው። የእኔዎቹ አናጢና ዲያቆን ናቸው። አፈርኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም እናቴ፣ ሰው እንዳይንቀን ብዬ አፈርኩ።

ወልደ ኪዳንን ዲያቆን ብዬ ብጽፍ በዚያ ዘመን እንደሚጎዳው አውቄ «የባህላዊ እንቅስቃሴ ባለሙያ» ብዬ ጻፍኩት። ወልደ ኪዳን፣ ሳቅህ ከመጣ ሳቅ። ደርበው ዘንድ ስደርስ በመጀመሪያ «በእንጨት ሥራ የተሰማራ» አልኩ። አነሰችብኝ፣ ሰረዝኳት። በምትኳ «እስከ 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ በዩኒቨርሲቲ ቡድን በመሐል ተጫዋችነት ያገለገለ» ብዬ ጻፍኩ። ተመልሼ አነበብኩት፤ አማረብኝ። የኳስ ሜዳ ወረቀት ማን ልብ ብሎ ያነበዋል አልኩ። ዲያቆኑን መሸሸግ ያወቀው እጄ ነው ደርበውን የገለጠው። ስለዚህ አላወቅሁም ነበር ልልዎት አልችልም።

የኮሌጁን የጭነት መኪና እየነዳ ደሴ ያደረሰን የሻው ነው። ቅዳሜ የመጀመሪያውን ጨዋታ ሁለት ለአንድ አሸነፍን። ልጆቹ ሲጨፍሩ ደርበው ከሜዳው ዳር ሣሩ ላይ ተቀምጦ መጽሔቱን ሲያገላብጥ አየሁት። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። ገጹ ላይ ጣቱን አኖረ።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ።»

«አማርኛህ ያምራል» አለኝ።

ያኔ ነው የሠራሁት ሥራ የገባኝ። «ደርበው፣ አሁኑኑ ሂድ» አልኩት። «የሻው ወልድያ ድረስ ያደርስሃል፤ ከዚያ ወደ ፈለግህበት።»

«እኔ ስጠፋ ነገ የሚጠየቀው ማን ይመስልሃል? ጸሐፊው ነው። ከዚያ ልጆቹ። የሰው ልጅ ይዘን ነው የመጣነው ምስጋኑ፣ አሥራ ስምንት ልጅ።»

«ምናልባት የሚያነበው ባይኖርስ?»

«ምናልባት» አለ። መጽሔቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ልጆቹ ሄደ።

እናቴ፣ «አንተ ሂድ፣ እኔ ልጠየቅ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እንዲያውም እቀራለሁ ሲለኝ ውስጤ እፎይ አለ። ይህችን ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም።

እሑድ ከእረፍት መልስ ሁለት ሰዎች በሜዳው ዳር እየተራመዱ መጡ። ካኪ አልለበሱም፤ እንደማንኛውም ተመልካች ናቸው። አንደኛው መጽሔቱን ይዟል። «ደርበው አለሜ ማን ነው?» አለ። ደርበው «አቤት» ብሎ ተነሣ። «ለጥያቄ እንፈልግሃለን።»

«ልጆቹ ካዩ ይረበሻሉ» አላቸው። «ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው። የትም አልሄድም።»

ሰዎቹ ተያዩና ግራና ቀኙ ተቀመጡ። የተቀመጥንበት አግዳሚ ጠባብ ስለሆነ እኔ ተነሣሁላቸው። ሦስቱ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ጨዋታውን ተመለከቱ። ደርበው ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ለልጆቹ ጮኸ፤ አልከለከሉትም። በመጨረሻ እርሱ ያስተማራቸውን ቅብብል ተቀባብለው ግብ ሲያገቡ በስተቀኙ ያለው ሰው ራሱን ረስቶ አጨበጨበ። ያ ጭብጨባ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ፉጨቱ ሲነፋ ተነሣ። ወልደ ኪዳን ከማዶ የተጎዳ ልጅ እያሸ ስለነበር አልሰማም። ደርበው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «እናቴን አትጠብቂኝ ብሎሻል በላት። በአንተ አፍ ንገራት፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰማ» አለኝ። ከዚያ በመካከላቸው ሆኖ ሄደ። እጁን አልያዙትም። የሚያየው ሰው ሦስት ጓደኛሞች ይላል።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት እኔም ተጠራሁ። «ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?» አሉኝ። «እኔ ነኝ፤ እውነት ይሁን አይሁን ግን አላውቅም፣ ቡድኑን ለማሳመር ነው» አልኩ። «ወዳጅህ ነው?» ሲሉኝ «አናጢያችን ነው» አልኩ። ለቀቁኝ።

ልጆቹን የሻው ይዞ ተመለሰ። እኔ «ደርበውን ላፈላልግ» ብዬ አራት ቀን ደሴ ቆየሁ። ማፈላለጉ ውሸት ባይሆንም፣ እውነቱ ግን እርስዎን ማየት ፈርቼ ነበር። ስለዚህ መርዶውን የሻው ነገረዎት። ስመጣ ደጃፍዎ ላይ ተቀምጠው አገኘሁዎት። አላለቀሱም። «ልጄን ማን ነው ያሳያቸው?» አሉኝ። ቀጥለውም «የሻው ነው አይደል? አብዮት ጥበቃ እኮ ነው» አሉ። አንገቴን ደፋሁ።

አንገት መድፋትም መናገር እንደሆነ ያን ዕለት ተማርኩ። ከደጅዎ ሳልወጣ ሁለት ሴቶች ሰምተዋል፤ በማግሥቱ አገሩ ሁሉ የሻውን ያውቀው ነበር። የደርበውን መልእክትም ዋጥኩት። «አትጠብቂኝ ብሏል» ብልዎት «ለምን? ሌላስ ምን አለ?» ይሉኛል፤ ሁሉም ይወጣል። ክረምቱ እንዳለፈ ዝውውር ጠይቄ ደሴ መጣሁ።

በ1972 ዓ.ም. ከደርበው ጋር ታስሮ የተፈታ ሰው አገኘሁ። ሰውየው እንደነገረኝ ደርበው እንደተያዘ በወሩ፣ ሰኔ 12 ቀን ጠዋት ከአሥራ አንድ ሰዎች ጋር ስሙ ተጠርቶ ወጣ። አልተመለሱም። የት እንደተቀበሩ የሚያውቅ የለም። ዕለቱን ሲነግረኝ ዘገነነኝ፤ የላሊበላ ንግሥ ነው። እርስዎ ያን ጠዋት ነጭ ለብሰው፣ ልጄን አውጣልኝ እያሉ ከታቦቱ በስተኋላ ቆመው ነበር። ይህንንም ይኸው ሰባት ዓመት ታቅፌው ኖርኩ።

ባለፈው ወር ይማርሽ መጥታ የአገሩን ወሬ ስታጫውተኝ፣ የየሻው ባለቤት ገለቴ በነሐሴ ማረፏን ነገረችኝ። የቅሬው ዕድርተኞች ለወጉ ቀበሯት፤ ከመቃብር መልስ ግን የየሻው ድንኳን ባዶ ዋለ አለች። እርስዎም በደጁ ላለማለፍ በገደሉ በኩል ዞረው እንደሚሄዱ ነገረችኝ። ባዶው ድንኳን ውስጥ «እኔኮ ደርበውን ብርድ ሲመታው ጋቢዬን አልብሼ ነው የወሰድኩት» እያለ ለብቻው ያለቅስ ነበር አሉ። እውነቱን ነው እናቴ። በዓይኔ አይቻለሁ፤ እርሱ በሸሚዝ ነበር የነዳው።

ደግሞ ዘመድ ተዝካሩን እናውጣ ሲልዎት «ልጄ እስር ቤት ነው ያለው፤ በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር አይወጣም» ብለው እንደሚቆጡ ሰማሁ። ያን ሌሊቱን ሁሉ እንቅልፍ አጣሁ ብልዎት ውሸት ነው፤ ተኛሁ። ጠዋት ተነሥቼ ክፍል ገብቼ አስተማርኩ። ተማሪዎቼን ሳይ ግን አሥራ ስምንቱ ትዝ አሉኝና ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ። ከዚያ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ።

እንግዲህ ልጅዎ ያለውን ልበልዎት፤ አትጠብቂኝ ብሎዎታል። ተዝካሩን ያውጡለት። ከዚያ በፊት ግን የሻውን ያስጠሩት። ወልደ ኪዳን ሄዶ ይጥራው፤ ይህም ደብዳቤ በፊቱ፣ ጎረቤት ባለበት፣ ከላይ እስከ ታች ይነበብ። እርሱ በሕይወት ሳለ ይሰማ። ጽሑፉ በመንግሥት ሰው እጅ ቢገባም ስሜን ስላልሸሸግሁ የሚፈልጉት እኔን ነው፤ እርስዎን የሚጠይቅ አይኖርም።

የይለፍ ወረቀት አውጥቻለሁ። ጥር 3 ቀን ላሊበላ እገባለሁ። ይቅር ይበሉኝ ብዬ አልጻፍኩልዎትም፤ ያን በአካል ቆሜ ካልሆነ በወረቀት አልለምንም። ከደጅዎ ውጭ እቆማለሁ። ይግባ ካሉ እገባለሁ፤ ይሂድ ካሉ ድምፅዎን ሰምቼ እሄዳለሁ። ዝም ካሉኝም እስኪመሽ እቆማለሁ።

ለእናት ሲጻፍ መጨረሻው ላይ «ልጅዎ» ተብሎ ይፈረማል። ጽፌው ነበር፤ ሰረዝኩት።

ምስጋኑ