ያልወጣሁት ቱሉ ሶምቦ

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ቱሉ ሶምቦ አናት ላይ ኩፍኝ ገብቷል። ሁሩሙ ገበያ ላይ ከተራራው የወረዱ ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ። ሽንኩርቱንም ሳልገዛ ተመለስኩ። የጥቅምቱን ክትባት ለዚያ መንደር ሰጠሁ ብዬ የጻፍኩት እኔ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነኝ።

አልሰጠሁም። እንደምመጣ በመንደሩ ተለፍፎ ነበር፤ ገደሉን ሳይ ፈራሁ። የግርጌውን ሰው ከትቤ፣ የተረፈውን ክትባት ደፍቼ፣ ለአናቱ ልጆች «ተከትበዋል» ብዬ ቅጹን ሞላሁ። በስብሰባ ላይ «ተራራ ወጥታ ቤት ለቤት የዞረች» ተብሎ ተጨበጨበልኝ። እኔም ፈገግ አልኩ፣ አያፍሬ!

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

 የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ጋሼ ደረጀ «አንቺ መንገዱን ታውቂዋለሽ፤ ነገ ነርሷን ይዘሽ ውጪ» አሉኝ። እሺ አልኩ። መንገዱን የማውቀው ከታች ሆኜ በዓይኔ ነው።

የሚያዝ፦ ክትባት፣ በረዶ፣ ቫይታሚን ኤ፣ ቦት ጫማ። ድፍረት ከየት እንደሚገኝ እንጃ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ወጣሁ! ገደሉ ጋ ስደርስ በእጄና በጉልበቴ ዳኽኩ። ነርሷ አልሳቀችብኝም፣ እግዜር ይስጣት።

አራት ልጆች ታመዋል። ሦስቱ ደህና ናቸው። የላሊሴ ልጅ ቦንቱ ግን እሳት ሆናለች፣ ዓይኗን መግለጥ አቅቷታል። ነርሷ መድኃኒት ሰጥታት «ካልተሻላት ነገ ወደ መቱ ሆስፒታል እናወርዳታለን» አለች። ያልታመሙትን ከተብን።

ላሊሴ እጄን ይዛ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው ዶክተር። እርስዎ ሲመጡ ቡና ለቀማ ላይ ነበርኩ» አለችኝ። ዶክተር አይደለሁም። አልመጣሁምም። ያን ቀን ሁሉም ቡና ለቀማ ወርዶ ስለነበር ግን መንደሩ ሁሉ መጥቼ ያጣኋቸው ይመስለዋል። «አይዞሽ» ብቻ አልኳት። እውነቱን ባለመናገሬ ራሴን ጠላሁት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

እዚሁ ተራራው ላይ አደርን። የቦንቱ ትኩሳት ቀነሰ፣ ወተት ጠጣች። ነርሷ «አልፎላታል» ስትል አለቀስኩ።

ከዚያ ላሊሴን ለብቻዋ ጠርቼ ነገርኳት። በኦሮምኛ ነው የነገርኳት፤ አማርኛው መሸሻ መሰለኝ። «አልመጣሁም ነበር። ፈርቼ ከታች ተመለስኩ።»

ትመታኛለች ብዬ ነበር። አልመታችኝም።

«ለባሌም ንገሪው» አለችኝ። «ልጄን ለቡና ብለሽ ጣልሻት ብሎ ካኮረፈኝ ስምንት ቀኑ ነው።»

ይህን የምጽፈው ደጃቸው ላይ ተቀምጬ ነው። ለጋሼ ደረጀም መናገር አለብኝ፤ ሥራዬንም ላጣ እችላለሁ። እሱ ይቆየኝ። ባሏ ከጓሮ እንጨት ሲፈልጥ ነበር፣ አሁን የመጥረቢያው ድምፅ ቆሟል። እየመጣ ነው።