ሁለተኛው ማጣሪያ

ማክሰኞ

ዮናስ ሰረቀኝ። ሌላ ስም የለውም። ክርስትና ያነሣሁት ልጅ፣ ዛሬ ኢንጂነር የሆነው፣ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ በስልኩ ያነሣውን ስዕሌን የራሱ አድርጎታል። ዛሬ የባቡር ጣቢያው የሙከራ ማሞቂያ ሲመረቅ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አየሁት። ከሥሩ የእሱ ስም ብቻ።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ከጣቢያው በላይ ካሉት ፎቆች ሻወርና ልብስ ማጠቢያ የሚወርደው ፍሳሽ በክረምትም ለብ ያለ ነው። ሂት ፓምፕ የሚባለው መሣሪያ ያንን ሙቀት ስቦ ከመሬት በታች ያለውን የካልጋሪን ባቡር ጣቢያ ያሞቃል። ፍሪጅ የውስጡን ሙቀት በጀርባው እንደሚያወጣው ማለት ነው። አርባ ዓመት ፍሪጅ ጠግኛለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም።

ደግሞ ፍሳሹን ከሚያጣሩት አንዱን ማጣሪያ ከስዕሉ አውጥቶታል። ሁለት ነበር የሣልኩት።

ረቡዕ

ልጄ ሂሩት ደወለች። "አባዬ፣ ኦሪጅናሉ አንተ ጋ ነው፣ ለጣቢያው ኃላፊዎች ኢሜይል አድርግላቸው።"

የተሰረቀበት ሰው ደጅ አይጠናም አልኳት።

"ስታብርን ነህ እኮ፣ ግትር።"

ነኝ።

ዓርብ

ቆመ። ማሞቂያው ሦስት ቀን ሠርቶ ቆመ። ፀጉር፣ ቅባት፣ የጨርቅ ብናኝ ማጣሪያውን ደፍኖታል አሉ። ሆቴል ላውንደሪ ስሠራ በየሺፍቱ በእጄ የጠረግኩት ነገር ነው። ሁለት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይሠራል። ዮናስ ትርፍ መስሎታል። አራት ጊዜ ደወለ፤ አላነሣሁም። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ከሰዓት ከሰፈሬ ከታራዴል ወርጄ አየሁት። የጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ የእኛው አገር ልጅ ናት። ጓንት ደርባ ትጠርጋለች። "ሦስት ቀን ኮቴን አውልቄ ሠርቼ ነበር፣ አባባ። እስከ ሰኞ ፊክስ ካላደረጉት ይነቅሉታል አሉ።"

ደስታዬ እዚያው ቀረ። የሚነቀለው የእኔ ሥራ ነው።

ቅዳሜ

የነፍስ አባቴ ሁለት ሽማግሌ ይዘው መጡ። ከኋላቸው ዮናስ፣ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ። ድንጋይ ሁሉ በረዶ ሥር ስለሆነ ሬድስቶን ሰፈር ካለው ቤቱ ደጅ የጌጥ ድንጋይ በሙቅ ውሃ አላቅቆ ነው ያመጣው።

"ጋሼ፣ ይማሩኝ።"

"አስቀምጠው። ወገብህ ነገ ይፈለጋል።"

አባ ይቅር በለው አሉኝ። "ጉልበቴን መሳም ማጣሪያ አያጥብም፣ አባ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሁለተኛውን ይግጠም፤ የተደፈነውን በገዛ እጁ ይጠብ። ስሜ ይጻፍ ብዬ አልለምንም፤ እሱ አፍ አለው።"

"ነገ እኮ ሰንበት ነው።"

"በጉ ጉድጓድ ገብቷል፣ አባ።"

አንዱ ሽማግሌ እንዲህ ያለ እርቅ አይቼ አላውቅም አለ። አሁን አየህ አልኩት።

ሰኞ

ትናንት ዮናስ እስከ ክርኑ ቅባትና ፀጉር ውስጥ ገባ። እኔ ቆሜ አየሁ። "ይሸታል፣ ጋሼ።" የካልጋሪ ሕዝብ ነው፣ አክብረው አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ጣቢያው ሞቀ። የዮናስ አለቃ መጣና እኔን እያየ ማን እንደሆንኩ ጠየቀ። ዮናስ በእንግሊዝኛ፣ ጮክ ብሎ፣ "ስዕሉ የእሳቸው ነው፤ እኔ ነኝ ያበላሸሁት" አለ። ግድግዳው ላይ ያለውን ስም ይለውጡት አይለውጡት አላውቅም። ጽዳት ሠራተኛዋ ግን ኮቷን አውልቃለች።

ድንጋዩን አልመለስኩለትም። የቆሻሻ ገንዳዬን ክዳን ከነፋስ ይይዝልኛል። ስለ ማጣሪያው የሚጠይቀኝ ካለ አስረዳዋለሁ። ስለ ስርቆቱ ይህ የመጨረሻ መስመሬ ነው፤ ከእንግዲህ በአፌም በብዕሬም አይነሣም።