ደረቅ መሬት ላይ የወደቀ ሽቦ

ዓርብ፣ ኅዳር 5 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ ዐጅማን

ለማንም ያልነገርኩት ይኸው ደብተሬ፦ ያን ቀን መብራቱን እንዲያጠፋ ወደ ጋሽ ሞላ ሰው አልላክሁም። ባለቤቴ «ልከሽበታል? አጥፍቶታል?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ አዎ፣ አጥፍቶታል አልኩት። ነፋስ የበጠሰው የመብራት ሽቦ አገር ቤት ደጃችን ላይ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ኤሌክትሪክ የሌለበት መስሎኝ ነበር። ከመንገድ ላንሳው ብሎ በእጁ ያዘው። በቃ።

ጋሽ ሞላ የከተማችን መብራት ጣቢያ ተረኛ ነበር። ማንም አልነገረኝም፣ ማቋረጫ መሣሪያውም መብራቱን አልቆረጠም ብሎ ማለ። መልሴን የሰማ ሰው ግን «የሟች ሚስት ልካበት ሰክሮ ተኛ» አለ። እኔ ዝም። ከሥራ ተባረረ፣ ከእድሩም ተሰረዘ።

ልጁን ፀጌን እዚህ ዐረብ አገር ያስመጣኋት እኔ ነኝ። ካራማ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች፤ እትዬ ትለኛለች። ዛሬ መጥታ ነበር። አባቷን ሕመሙ ብሶበታል። ሰኞ ሳምንት ወደ አገር ቤት ትሄዳለች። እድሩ መልሱኝ ቢላቸው እንቢ ብለውታል፤ ቢሞት ማን ይቀብረዋል ትላለች። ሻይ ቀዳሁላት።

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ከሰዓት

ከአሠሪዬ ከማዳም ጋር ለባሏ ምሳ ይዘን ከሻርጃ ወጣ ያለ ሜዳ ሄድን። ሱዳናዊ ነው፤ የመብራት መሐንዲስ። ከሠራተኞቹ ጋር ሽቦ እየጣሉ ይፈትሻሉ። ከአጥር ውጭ ቆመን አየን። ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ አሸዋ ላይ ወደቀ። ዘይት ላይ እንደገባ ሽንኩርት ቸስ አለ። መብራት ማቋረጫው መሣሪያ ግን ንቅንቅ የለም።

ማዳም ሳቀችበት። «አንተ ሰውዬ፣ መሣሪያህ ተኝቷል!»

«አልተኛም፤ አይታየውም» አላት።

ደረቅ መሬት ኤሌክትሪክ እንደ ልብ አያሳልፍም አለ። የሚያልፈው ትንሽ ስለሆነ፣ ጣቢያው ጥቂት ቤቶች መብራት ያበሩ ይመስለዋል። ሰው ለመግደል ግን ይበቃል። አሁን የሚሞክሩት መሣሪያ የኤሌክትሪኩን ብዛት ትቶ መንቀጥቀጡን ያዳምጣል። እሱም አንዳንዴ ይስታል።

ጣቢያ ያለ ሰውስ ያውቃል ወይ አልኩት። እያኘከ፣ ሰው ካልነገረው በምን ያውቃል አለኝ።

ምሳዬን አልበላሁም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ለፀጌ ነገርኳት። የአሸዋውን ብቻ።

ዘላ አቀፈችኝ። «ዋላሂ እትዬ! የማንም ጥፋት አይደለማ! ኸላስ፣ በቃ፣ ለእድሩ ጻፊልኝ። ብቻሽን ፊደል ቆጥረሽ ጠበቃ የሚያስንቅ ነው የምትጽፊው!»

ተሳሳቅን። ማምዛር ባሕር ዳር ይዛኝ ሄደች፣ አይስክሬም ገዛችልኝ። እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ተመልሼ ጻፍኩ። ስለ ደረቅ መሬት፣ ስለ ማቋረጫው። ደህና አድርጌ። መሐንዲሱ ምሳ ላይ ያለኝን ግን አላስገባሁም። ረስቼው አይደለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13፣ ጠዋት

ቀደድኩት።

ደረቁ መሬት መሣሪያው ለምን እንዳልቆረጠ ይናገራል እንጂ፣ ጋሽ ሞላ ሳይነገረው እንደቀረ አይናገርም። የሰረዙት ደግሞ «ተነግሮት ተኛ» ብለው ነው። ሰዎቹ ማሉ፣ መሰከሩ፤ የመሰከሩት የኔን ዝምታ ነው።

ፀጌ ትጠላኛለች። ይሁን። የባለቤቴ እናት አለች፣ ገና በሕይወት። እሷም ይህን ትሰማለች። ቢሆንም እነዚህን ገጾች ከደብተሩ አውጥቻለሁ። ከነገ ወዲያ ፀጌ ይዛ ትሄዳለች። ሳትሄድ እዚሁ ፊቴ ታንብበው፤ ፖስታውን አላሸግሁትም።

ላዩ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ ለእድራችን ዳኛ ለጋሽ ተሰማ። ጋሽ ሞላ በተቀመጠበት፣ አባላቱ ፊት ይነበብ።