ባዶ ያልሆነው መሬት

ሚያዝያ 12
ዛሬም ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሄጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ። የግንባታ ፈቃዱ አልወጣም። ፕላኑ ላይ የፍሳሽ መስመር አልተሳለም ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ለምን አልነገሩኝም? ሄሮን ሰፈር፣ ፈረንሳዮች ቤት ተቀጥሬ ስሠራ የለቀምኳት ፈረንሳይኛ ባትኖር ይህንንም አልሰማም ነበር። ባሌ አቡዘር ጫቱን ይዞ ይጠብቀኛል። «ምን አሉ?» «ፍሳሽ አሉ።» ሳቀ። ከወደብ ጥበቃ ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚያስቀው ነገር ብዙ አይደለም…
የጭነት መኪኖች ወረፋ የሚይዙበት ፔካ 12 ያለው መሬት በሱ ስም ነው። ሐሳቡ የኔ። ከአገር ቤት ለሚመጡ ሾፌሮቻችን ማረፊያ። ስድስት ክፍል፣ ሻወር፣ ጥላ ያለው በረንዳ። ከመኪና ሥር ተኝተው ሲነሱ ፊታቸውን አየዋለሁ፤ የሚበሉት እኔ ምግብ ቤት አይደል።

ሚያዝያ 21
ፕላኑ አለፈ! የቀረው ተቆጣጣሪው መሬቱን አይቶ መፈረም ብቻ። መሬቱን አስጠረግን። የድንጋዩ ብዛት… የቀን ሠራተኞቹ ከዚህም ከዚያም ለቃቅመው ጥግ ላይ ከመሩት። «ለመሠረት ይሆናል» አለ አቡዘር። ደስ ብሎኛል።

ሚያዝያ 24
መርሻ ጭነት ሊያነሳ ከአዲስ አበባ መጣ። ከሾፌሮቹ ሁሉ የመጀመሪያ ደንበኛዬ እሱ ነው። ደስ እንዲለው ብዬ መሬቱን ላሳየው ወሰድኩት። መሬቱ ላይ ያለችው ግራር ጋ ሲደርስ ቆመ።
«እዚህ የነበረው ድንጋይ የት ሄደ?»
«አስነሳሁት። ምነው?»
ያን የሚያክል ሰው አፈር ላይ ተቀመጠ።
«ጀንበሬን እዚህ ነው የቀበርነው።»
ጀንበሬ ረዳቱ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወረፋው አልንቀሳቀስ ብሎ፣ ሙቀቱ ጋቢና ውስጥ ጣለው። «ውሃ ስሰጠው አልዋጥ አለው…» ፖሊስ መጥቶ አየና ቅበሩት አላቸው። ቀበሩት። ድንጋይ ከመሩበት። ወረፋቸው ደረሰ፣ ሄዱ።
«በትክክል የቱ ጋ ነው?» አልኩት።
«ምልክቱ ድንጋዩ ነበር።»

ሚያዝያ 25
ድንጋዩን ያስነሳሁት እኔ ነኝ።

ግንቦት 2
መሬቱ ላይ ዋልኩ። ምን ልሠራ? እንጃ። ቀትር ላይ፣ ማንም በሌለበት፣ ከኋላዬ ሰው ሲተነፍስ ሰማሁ። ዞርኩ። ፌስታል ነው፤ እሾህ ላይ ተሰክቶ ነፋስ ያርገበግበዋል። አወረድኩት። ትንፋሹ ግን አልቆመም… የራሴ ይሆን? የት ልርገጥ? ምሳ ሳቀርብም አንድ ሰው የረሳሁ እየመሰለኝ በሩን አያለሁ።
ለአቡዘር ነገርኩት። «አላህ ይማረው። ግን ዝም በይ። ፈቃዱ ይውጣ፣ ዱዓ አስደርጋለሁ። ሌላ መሬት የምንገዛበት ዕድሜ አለን እንዴ?»
እውነቱን ነው። የለንም።

ግንቦት 9
ተቆጣጣሪው መጣ። ሙጠሊብ ይባላል፤ ትሑት ሰው። ዞር ዞር ብሎ አየና «መሬቱ ባዶ ነው?» አለ። ለወጉ ያህል ነው የጠየቀው፤ ሊፈርም እስክሪብቶውን አውጥቷል።
«ባዶ ነው» አለ አቡዘር።
«ባዶ አይደለም» አልኩ። «ሰው አለበት።»
«የታለ?»
ወደ መሬት አመለከትኩት። እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። አቡዘር በዚያ ፀሐይ አስፋልቱን ይዞ በእግሩ ሄደ። ብጠራው አልዞረም።

ሰኔ 6
ሙጠሊብ ያመጣቸው ሰዎች ቆፈሩ። ካምሲኑ፣ ያ ትኩስ የበረሃ ነፋስ፣ አሸዋ ይረጭብናል። መርሻም ነበር። ጀንበሬን አገኙት፤ በቀበቶው ለየው። ራሱ የሰጠው ቀበቶ ነው። አለቀሰ። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀለል አለኝ። በቃ፣ አለቀ አልኩ።
ቆፋሪው «ቆይ» አለ።
ሌላ ሰው። ከአጠገቡ ደግሞ ሌላ። አንዱ ገና ልጅ ነገር… የጎማ ጫማው አልተበላም።
ሙጠሊብ መርሻን አየው።
«እኔ የቀበርኩት አንድ ነው» አለ መርሻ።
እነማን ናቸው? በእግራቸው ወደ ባሕሩ የሚያልፉት ስደተኛ ልጆች ይሆኑ? ማን አፈር አለበሳቸው? ሦስቱም እዚያው ተመልሰው እንዲያርፉ ተወሰነ። የፈቃዱ ነገር ቆመ።

ሐምሌ 18
አቡዘር አያናግረኝም። ሻዩን አስቀምጬለት እወጣለሁ።
ወሬውን ሾፌሮቹ ይዘውት ወጡ። ስልኬ አላርፍ አለ። ዛሬ አንዲት እናት ከሐይቅ ከተማ ደወለች፤ አበቡ እባላለሁ አለችኝ። ልጇ ዮሳዲቅ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ እንደወጣ ቀረ። «እኅቴ፣ የጎማ ጫማ ነበር ያደረገው።» ሁሉም እኮ የጎማ ጫማ ነው የሚያደርገው! አላልኳትም። ስልኩ ውስጥ ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዘጋሁትም በኋላ…

መስከረም 29
ፈቃዱ ወጣ። መቃብሮቹ ያሉበት፣ በመንገዱ በኩል ያለው ግማሽ አይነካም፤ አጥር ብቻ። ከኋላ ሁለት ክፍል። ስድስቱ ሁለት ሆነ። ለአቡዘር ሰጠሁት። አነበበው። አጥፎ መለሰልኝ።

ኅዳር 14
አበቡ መጣች። መርሻ ነው ጋቢና አሳፍሮ ያመጣት። ቀጭን፣ እግሯ ያበጠ ሴት። መቃብሮቹ ፊት ቆመች። የጀንበሬ ስሙ ተጽፎበታል። ሁለቱ ግን…
«የኔ የቱ ነው?»
«አላውቅም፣ እኅቴ። ከሁለቱ አንዱም ላይሆን ይችላል።»
መካከላቸው ተቀመጠች። አንድ እጇን እዚህ፣ አንድ እጇን እዚያ። ሁለቱንም ልጄ፣ ልጄ እያለች አለቀሰች።
አቡዘር ከሩቅ ያይ ነበር። መጣ። ጃንጥላ ዘረጋላት። ይዞላት ቆመ፤ ፀሐዩ ሲዞር አብሮ ይዞራል። የማያውቃት ሴት!
ከዚያ፣ ከግንቦት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በስሜ ጠራኝ።
«እልፍነሽ፣ ክፍሉን ክፈችላት። ትረፍ።»
የበሩ ቀለም ገና ይሸታል። ከፈትኩላት።