የሐጂ ሁዜይፋ መጋዘን የመጻሕፍት ቤት ሲሆን

ይድረስ ለእታለሜ ለብርቱካን፣ ሸኸዲ።

እታለሜ፣ እንዴት ከርመሻል? የወገብሽ ሕመም ተወሽ ወይስ ጀሪካን ባነሳሽ ቁጥር አሁንም ይይዝሻል? እማዬስ ዓይኗ እንዴት ሆነላት? ምስጋናውስ እርሻው ቀናው? እየሩስ ትምህርቷን እየተከታተለች ነው? ላሚቱስ ወለደች? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። ዘንድሮስ ናፍቆቱንም የሚያስረሳ ነገር ገጥሞኝ ሰነበትኩ። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ መስመሩ ገና «ስሚኝማ» ስልሽ ይቆረጣል። ደግሞም በጥድፊያ የሚነገር አይደለምና ተረጋግቼ ጻፍኩልሽ። ከአጨዳ ተመልሶ ወደ አገሩ የሚሻገር አንድ የቋራ ሰው ያደርስልሻል። ምሳ አብዪልኝ፤ ጥሩ ሰው ነው።

እኔ አሁንም እዚህ ገዳሪፍ ሰሊጥ ገበያው ውስጥ ሚዛን ላይ ነኝ፤ ሹዋሉ፣ ጆንያው ማለቴ ነው፣ ሲመዘን የምጽፈው እኔ ነኝ። በዚሁ ጽሕፈቴ ምክንያት ነው ነገሩ ውስጥ የገባሁት። ከገበያው ጀርባ ያለውን የሐጂ ሁዜይፋን መጋዘን ሳልነግርሽ አልቀርም። ሐጂ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በእግራቸው የመጡ፣ እዚሁ ነግደው፣ ወልደውና ከብረው ያረጁ ሰው ናቸው። የካርቱሙ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ የሰፈራችን ትምህርት ቤቶች ከካርቱም በመጡ ተፈናቃዮች ተሞልተው ልጆቹ ያለ ትምህርት ከረሙ። ሐጂ ይህን ሲያዩ ባዶውን መጋዘን ለሰፈሩ የመጻሕፍት ቤት ሊያደርጉት አሰቡ። ሐበሻ ሱዳኒ ሳይባል ሁሉም ገብቶ የሚያነብበት ማለት ነው። ነገር ግን አንድ ሽንኩርት ነጋዴ መጋዘኑን ልከራየው ብሎ እግር እግራቸውን ይከተል ነበር። ስለዚህ ሰዉን ሰብስበው እንዲህ አሉ፦ «ሦስት ሳምንት ሰጥቻችኋለሁ። ምን ዓይነት ቤት እንደምትፈልጉ ተስማምታችሁ ኑና ቁልፉን ውሰዱ። የተጣላችሁበትን ቤት ግን አልሰጥም።»

የመጀመሪያው ስብሰባ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው መጋዘን ውስጥ ሆነ። ስድሳ የምንሆን ሰዎች በባዶ ሹዋል ላይ ተቀመጥን። የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ጋረደው መሩ፤ እኔ ቃለ ጉባኤ ያዝኩ። እታለሜ፣ የሰዉን ሐሳብ ብታይ! አንዱ ማራገቢያ ይግባ ይላል፣ ሌላው ኳስ የሚታይበት ቴሌቪዥን። አንዷ ልጆች አይግቡ ስትል ሌላዋ ከልጆች በቀር ማንም አይግባ ትላለች። እስኪያልበኝ ጻፍኩ። እስከዚያ ድረስ ደስ ይል ነበር። የተበላሸው በሩ ላይ የሚሰቀለው ጽሑፍ በምን ቋንቋ ይሁን ሲባል ነው። ጋሽ ጋረደው የምንበዛው እኛ ነንና አማርኛው ከላይ ይሁን አሉ። እዚህ ተወልደው ያደጉት ወጣቶች አገሩ የዓረብ ነው፣ ዓረብኛ ይቅደም አሉ። ከዚያ ወልዳይ የሚባል ትግሬ መምህር ተነሳ። ቱነይድባ ካለው የስደተኞች ካምፕ ወጥቶ በሥራ ምክንያት ሰፈራችን የተቀመጠ ሰው ነው። ካምፑ ውስጥ ትግርኛ የሚያነቡ ስንት ልጆች እንዳሉ፣ አንድ መጽሐፍ ለአርባ እንደሚዳረስ ሲናገር ከኋላ አንድ ሰው ስለ አገራችን ጦርነት ክፉ ቃል ወረወረ። ወልዳይ ቆቡን አንስቶ ወጣ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሲወጣ ቅር አላለኝም። በዚያ ዓመት በእኛ ላይ የደረሰውን አንቺም ታውቂዋለሽ። በእሱ ላይ የደረሰውን ግን አላውቅም ነበር፤ ለማወቅም አልፈለግሁም።

ስብሰባው ሊበተን ሲል ዙሌካ ተነሳች። ዙሌካ አባትና እናቷ የእኛ አገር ሰዎች ሆነው ካርቱም የተወለደች፣ በአንድ ትምህርት ቤት መጻሕፍት ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ሴት ናት። ጦርነቱ ሲያፈናቅላት ልብሷን ትታ አሥራ አንድ መጽሐፍ በሻንጣ ይዛ መጣች ይባላል፤ በኋላ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ዓረብኛና አማርኛ እየቀላቀለች፣ «ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ ቤቱ ሳይኖር በበሩ ትጣላላችሁ» አለች። ሐሳብ በስብሰባ አይገኝም፣ በስብሰባ የሚሰማው የሚጮኸው ሰው ነው፣ ስለዚህ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ በየቤቱ ዙሩና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ አለችን፦ «ምን ቢኖርበት ትገባለህ? ምን ቢኖርበት ትገቢያለሽ?» ሁለቱ ጠያቂዎች ደግሞ የአፍ መፍቻቸው አንድ እንዳይሆን አዘዘች። ማንም ቤት ሲንኳኳ ቋንቋውን የሚያውቅለት ሰው እንዲያገኝ ነው።

ከማን ጋር እንዳጣመረችኝ ገምተሻል። ወልዳይ ቤት ድረስ ሄዳ ለምና ያመጣችው ራሷ ናት።

መጀመሪያ ቀን ከሥራ መልስ አሥራ ሁለት ቤት ስንዞር እርስ በርስ ሦስት ቃል አልተነጋገርንም። እሱ ያንኳኳል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ትግርኛ ተናጋሪ ቤት ስንደርስ እሱ ይጽፋል፣ እኔ ቆሜ ጣሪያ አያለሁ። በሁለተኛው ቀን የጉልበት ሠራተኞች አንድ ላይ ተከራይተው ከሚኖሩበት ግቢ ገባን። ሰሊጥ ሲጭን የዋለ አንድ የአገራችን ልጅ ጥያቄውን በጥሞና ከሰማ በኋላ፣ ማራገቢያ ካለው በየቀኑ እመጣለሁ፣ ብቻ ፊቴን የምሸፍንበት ሰፋ ያለ መጽሐፍ ይኑር፣ እንቅልፌን ለጥ እንድል አለን። በቁም ነገር ነው የሚናገረው። ወልዳይን አየሁት፤ ከንፈሩን ነክሷል። ከግቢው እንደወጣን ሁለታችንም ግድግዳ ተደግፈን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ከዚያ ወዲያ ዝም መባባሉ አልሆነልንም። ከርከዴ የሚባለውን ቀይ መጠጥ ገዛልኝ፣ ጂኦግራፊ ያስተምር እንደነበር ነገረኝ። በዚያ ዓመት ምን እንዳጣም ነገረኝ። እኔም ነገርኩት። ማን ያስጀመረው፣ ማን የባሰበት አልተባባልንም። ይህን ስታነቢ ቅር እንዳይልሽ፣ እታለሜ። ብታውቂው አንቺም ወንድሜ ትይው ነበር።

የሰዉን መልስ ሁሉ ልጽፍልሽ አልችልም፤ ደብተሩ ሞልቷል። አንድ ባጃጅ ነጂ፣ እዚህ ረክሻ ይሉታል፣ ዳዊትና ቁርአን ጎን ለጎን ቢቀመጡልኝ ሁለቱን አንድ ላይ አይቼ አላውቅምና ገብቼ አያለሁ አለ። አንዲት የልጆች እናት በክረምት ይህ ጥቁር አፈር ጭቃ ሲሆን እግር መታጠቢያ ካልተሠራ ማን ይገባል አለች፤ እኛ ማንኛችንም ያላሰብነው ነገር ነው። ሴቶቹ በሳምንት አንድ ከሰዓት የብቻቸው ይሁን አሉ፣ ከሥራ የሚመጡት ደግሞ እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ድረስ አይዘጋ አሉ። አንድ ሽማግሌ ከዚህ እስከ ተወለድኩበት ድረስ ያለው መንገድ በሙሉ የሚታይበት ካርታ ይሰቀልልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አሉን። ወልዳይ ካርታውን በእጄ እስልዎታለሁ ብሎ ቃል ገባላቸው።

በሦስተኛው ቀን ሻይ ሻጯ ወርቂ ዘንድ ደረስን። ወርቂ እዚያው ገበያው በር ላይ የምትሸጥ፣ ስድሳ ዓመት የሚሆናት፣ ቁጥብ ሴት ናት። ስንጠይቃት እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ማንበብ የማይችል ሰው እዚያ ምን ይሠራል አለች። ልንሄድ ስንነሳ ግን ወልዳይን ጠራችውና በትግርኛ ረጅም ነገር ነገረችው። ሲሰማት የወልዳይ ፊት ተለወጠ። በኋላ እሷው ፈቅዳለት ተረጎመልኝ። ወርቂ አንድ ወንድ ልጅ አላት፤ በከሰላ በኩል ወጥቶ ከጠፋ አራት ዓመቱ ነው። ከስምንት ወር በፊት ደብዳቤ ደረሳት። እስካሁን አላስነበበችውም። ክፉ ከሆነ እሷ ሳትሰማው ሰፈሩ ይሰማዋል፤ ደግ ከሆነም አንባቢው በየሻይ ቤቱ ያወራዋል ብላ በላስቲክ ጠቅልላ ይዛዋለች። የእሷ ሐሳብ እንዲህ ነበር፦ «አንድ ጥግ ከልሉልኝ። የሚያነብልኝ ሰው የሰማውን ላይናገር ይማል። ያን ጊዜ እገባለሁ።»

ቃሏን እንዳለ በደብተሩ ጻፍነው። ሰሊጥ ገበያው ውስጥ ለስንቱ ሰው ደብዳቤ አንብቤያለሁ፤ ማልልኝ ያለኝ አልነበረም። አፌን ግን ሁልጊዜ እንዳልጠበቅሁ አውቃለሁ።

ሦስተኛው ዓርብ ደረሰ። መጋዘኑ ጢም አለ፤ ሽንኩርት ነጋዴውም መጥቶ በር ላይ ቆሟል። ዙሌካ ማንም አዲስ ሐሳብ እንዳያቀርብ ከለከለች። መልሶቹን ብቻ እኔ በአማርኛ፣ ወልዳይ በትግርኛ፣ እሷ በዓረብኛ የመላሾቹን ስም ሳንጠራ አነበብን። ሰዉ የራሱን ሐሳብ ሲሰማ ጎረቤቱን ይጎሽማል። የእንቅልፋሙ ሲነበብ ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ የሐሳቡ ባለቤትም እኔ ነኝ ብሎ እጁን አወጣ። ስለ ተከለለው ጥግ ሲነበብ ግን ከሐጂ ጀምሮ ብዙ ሰው መሬት መሬት አየ። ጋሽ ጋረደው ተነስተው ይህ ጥግ ከሁሉ አስቀድሞ ይሠራ አሉ፤ የተቃወመ የለም። ከዚያ ወደ ወልዳይ ዞረው፣ ያን ዕለት ቃሉን የወረወረውን ሰው ዝም ማሰኘት የነበረባቸው እሳቸው እንደነበሩ በሰው ሁሉ ፊት ተናግረው ይቅርታ ጠየቁት። ወልዳይ ሄዶ ትከሻቸውን ሳማቸው።

የቀረው የበሩ ጽሑፍ ነበር። እንደገና ሊጋጋል ሲል ወርቂ ከሴቶቹ መሃል ሳትነሳ ተናገረች። «ሦስቱንም አላነባቸውም። ለእኔ ስዕል አድርጉልኝ፤ የእናንተን ከሥሩ እንደወደዳችሁ ጻፉት» አለች። ሳቁና ጭብጨባው አንድ ላይ ሆነ። አሁን በሩ ላይ የተከፈተ መጽሐፍ ተስሏል፤ ሦስቱ ቋንቋዎች ከሥሩ በአንድ መስመር ናቸው። ሐጂ ሁዜይፋ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቁልፉን አወጡና፣ ለማን ልስጥ ብለው ጥቂት አሰቡና ለዙሌካ ሰጧት። ሽንኩርት ነጋዴው ሳይቀር አጨበጨበ። በማግስቱም ለመደርደሪያ ብሎ ጣውላ ላከ።

ሥራው አምስት ሳምንት ፈጀ። ምስጥ እንዳይበላው ዙሌካ የመደርደሪያውን እግር ሁሉ የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አቆመችው። የእሷ አሥራ አንድ መጻሕፍት ቀድመው ገቡ። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ሰጡ፤ መፋዛ በምትባል የእርሻ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች በእህል ጭነት ላይ አንድ ካርቶን የዓረብኛ መጻሕፍት ላኩልን። የቱነይድባ ተማሪዎች የአያቶቻቸውን ተረት በእጃቸው በደብተር ጽፈው፣ ሽፋኑን ቀለም ቀብተው በወልዳይ እጅ ላኩ። እመኚኝ፣ ብዙ ሰው የሚያነሳው እነዚያን ደብተሮች ነው። የሽማግሌው ካርታ ተሰቅሏል፤ እሳቸውም በየቀኑ እየመጡ በጣታቸው ጎንደር ደርሰው ይመለሳሉ።

የተከፈተ ዕለት መጀመሪያ የገባችው ወርቂ ናት። ነጭ ለብሳ መጣች። የአንባቢ መሐላ ስድስት ሰዎች ምለናል፤ አንዱ እኔ ነኝ። እሷ ግን ወልዳይን መረጠች፤ ደብዳቤው ትግርኛ ነውና። መጋረጃው ተዘጋ። እኛ ውጭ ቆመን መጽሐፍ የምናይ መስለናል። ድምፁ እንደ ሹክሹክታ ይሰማል፣ ቃሉ አይሰማም። ቆይቶ መጋረጃው ተገለጠና ወልዳይ ብቻውን ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ምን ሆነ ብዬ በዓይኔ ጠየቅሁት፤ ምሏልና ፊቱን አዞረብኝ።

ከዚያ ወርቂ ወጣች። ነጠላዋን አጣፋች፣ ሰዉን ሁሉ አየች፣ እልልታዋን ለቀቀችው። ልጇ በሕይወት አለ። ሥራ ይዟል፣ አግብቷል፣ ሴት ልጅ ወልዶ ወርቂ ብሎ በእናቱ ስም ጠርቷታል። ይህንን የነገረችን ራሷ ናት፤ አንድ ጊዜ ለሁላችን፣ ከዚያ ለእያንዳንዳችን፣ ከዚያ መንገድ ላይ ለሚያልፈው ሁሉ። የዚያን ቀን ሻይ የጠጣ ሰው ሁሉ በነጻ ጠጣ። መልሱን እሷ እየተናገረች ወልዳይ ጻፈላት፤ አሁን ደግሞ ፊደል ልማር ብላ ከልጆቹ ጋር ከፊት ትቀመጣለች።

በይ እንግዲህ እታለሜ፣ ወረቀቱ አለቀብኝ። ምስጋናውን አጥብቀሽ ሰላም በይልኝ፤ ለመኸሩ እንዲበረታ። እየሩስን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የጨረሰችው የተረት መጽሐፍ ካለ ለዚህ ቤት ትላክልን፣ ስሟን ሽፋኑ ላይ ትጻፍበት። ለጎረቤትሽ ለእማማ ሄለን፣ ለንስሐ አባታችንም ሰላምታዬን አድርሺ። ዙሌካ ባታውቅሽም ሰላም ብላሻለች። ወልዳይም እንዲሁ፤ መንገዱ ሲረጋጋ ወንድሜ ወልዳይን ይዘህ ና የሚል ቃል ከአንቺ ቢመጣ ደስ ይለዋል፤ እኔም እጠብቃለሁ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ደብዳቤውን ስታነቢላት ሌላው ቢያመልጣት ግድ የለም፤ የወርቂን ቦታ ግን በሩን ዘግተሽ፣ ቀስ ብለሽ፣ ሁለት ጊዜ አንብቢላት።

የማይረሳሽ ወንድምሽ ስንሻው

ገዳሪፍ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.