ለምራትሽ የቆምሽበት ቀን

እትዬ ከድጃ፣ ካለሽበት ሰላም ይድረስሽ። አላህ ቀብርሽን ያስፋልሽ፤ በኑር ይሙላልሽ።

ከተለየሽን ሁለት ክረምት አለፈ። በሕይወት ሳለሽ የባሌ እናት ነሽና «አንቱ» ነበር የምልሽ። አንቺ ግን «ዳኛ ነኝ እንዴ? እንደ እናትሽ አንቺ በይኝ» እያልሽ ትቆጪኝ ነበር። አፌ አልታዘዝ አለኝ። ዛሬ እንደ እናቴ ልጻፍልሽ።

ጎብዬ ያለው ቤትሽ ጣራው ታድሶ ተከራይ ገብቶበታል። የሎሚ ዛፍሽ አልተቆረጠም። ልጄ ሰሚራ፣ የልጅ ልጅሽ፣ ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል፤ ሳቋ የአንቺ ነው፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ነው የምትስቀው። ዘንድሮ ዝናቡ በጊዜው ገብቶ፣ ከሮቢት እስከ ቆቦ ያለው ማሽላ ሰው ይሰውራል። እኔም ደህና ነኝ። ይህን ቃል ድሮ ለሰው አፍ መዝጊያ ነበር የምለው። አሁን ግን እውነቴን ነው።

ልጅሽ ዑመር በዱላ እንዳልጎዳኝ ታውቂያለሽ። እህል ነጋዴ፣ ገበያ ላይ የተከበረ፣ ቀልዱ የሚወደድለት ሰው ነው። ቤት ሲገባ ግን ሌላ ነበር። ወጡ ጨው አነሰው ብሎ ሳምንት ሙሉ ያኮርፈኛል። እንግዳ ፊት «እሷ ምን ታውቃለች» ይላል። በልጅነቴ ከአባቴ የተማርኩትን ልብስ ስፌት «ሚስቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ የሰው ቁምጣ አትሰፋም» ብሎ አስተወኝ። ከመናገሬ በፊት ፊቱን ማየት ለመድኩ። በኋላማ እሱ በሌለበትም ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር።

ቆቦ እህቴ ጋ በሸሸሁ ቁጥር ሽማግሌ ይመልሰኛል። «ባልሽ አይጠጣ፣ አይማታ፣ ምን አጎደለብሽ?» ይሉኛል። የጎደልኩት እኔው ራሴ ነበርኩ። ያንን ለሽማግሌ እንዴት ብዬ ላስረዳ?

በመጨረሻው ቀን ግን አንቺም ነበርሽ። ሽማግሌዎቹ እህቴ ግቢ ተቀምጠው ሊመርቁን እጃቸውን ሲዘረጉ ከሴቶቹ መካከል ተነሳሽ። ሁሉም የምታስታርቂ መሰላቸው።

«ልጄ ነው፤ ጡቴን አጥብቼ ያሳደግኩት ነው» አልሽ። «ግን ይችን ልጅ ሳመጣት ሳቋ ከመንገድ ማዶ ይሰማ ነበር። ዛሬ ቤት ውስጥ ስትሄድ ኮቴዋ እንኳ አይሰማም። መልሳችሁ ከሰጣችሁት አላህ ፊት እመሰክርባችኋለሁ።»

ዑመር «እማ፣ በእኔ ላይ?» ሲልሽ ድምፁ ተሰበረ። አንቺም እንባሽ እየወረደ «ለአንተም ብዬ ነው ልጄ» አልሽው። እኔ በፍቺው ወጣሁ። እሱ ደግሞ ደጅሽን መርገጥ ተወ። ለእኔ ስትቆሚ ያጣሽው እሱን ነው፤ አንድም ቀን ግን አላነሳሽብኝም።

ከወጣሁ በኋላ ወዲያው ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። አልሆነም። እህቴ «ምሳ ምን ልሥራልሽ?» ስትለኝ «እንደ ፈለግሽ» እላት ነበር። ምን እንደምወድ ጠፍቶኝ ነበር። የባሰው ደግሞ እሱኑ ናፍቄ አለቅስ ነበር። ለማንም ያልነገርኩትን ለአንቺ ብነግርሽ አልደነገጥሽም። «ክፉም ቢሆን የኖሩበት ቤት ይናፍቃል» አልሽኝ። «ናፈቀሽ ማለት ግን ተመለሺ ማለት አይደለም።»

በገበያ ቀን ከጎብዬ በሚኒባስ ትመጪና ይዘሽኝ ትወጫለሽ፤ ጉልበትሽን እያመመሽ፣ በዚያ በቆቦ ሐሩር። ቲማቲም ፊት አቁመሽኝ «አንቺ ምረጪ» ትይኛለሽ። ጨርቅ ተራ ስንደርስም «አንቺ ምረጪ»። ፊትሽን ሳይ ወደ ሌላ ዞር ትያለሽ። አንድ ቀን ቢጫ አበባ ያለበት ጨርቅ ይዤ አልለቅ አልኩ። ዑመር ቢጫ አይወድም ነበር። እኔ ግን እንደምወድ ያን ዕለት ትዝ አለኝ። ዋጋውን ከፍለሽ ጨርቁን በብብትሽ ያዝሽልኝ፤ ፈገግታሽን ግን አይቼዋለሁ።

በጎረቤት የስፌት መኪና ቀሚስ አደረግኩት። እግሬ ሥራውን አልረሳም ነበር። ለራሴ ሰፋሁ፣ ለእህቴ ሰፋሁ፣ ሰው አየና መጣ። ቀስ በቀስ አስፋልቱ ዳር በረንዳ ተከራየሁ። ደንበኞቼ ወሬ ታበዣለሽ ይሉኛል። ብትሰሚ እንዴት በሳቅሽ!

ስትሞቺ ለቅሶሽ ላይ መቀመጥ ይገባኝ እንደሆነ አላወቅኩም፤ የተፈታች ምራት ነኝና። ደጁ ላይ ቆሜ ሳመነታ ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ።

አሁን ብዕር ያስያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ሰሞን ዑመር ሱቄ መጣ። ለነፍስሽ ሰደቃ ሊያወጣ አስቦ ሰሚራን እንድልክለት ሊጠይቀኝ ነበር። ከባጃጅ ሲወርድ ሳየው እንደ ድሮው ድምፄ ዝቅ የሚል መስሎኝ ነበር። ሰላም ስለው ግን ዝቅ አላለም። ጠጉሩ ሸብቷል። ወንበር ሰጠሁት። ተቀመጠና «እናቴ ተቀይማኝ ነው የሞተችው?» አለኝ።

እትዬ፣ «አዎ» የምትል አንዲት ቃል ብናገር ዕድሜውን ሙሉ ታቃጥለው ነበር። እኔ ግን እውነቱን ነገርኩት።

«እኔ ጋ በመጣች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ አንተን ነው። ‹ልጄን አየሽው? ከስቷል?› ትለኝ ነበር» አልኩት።

ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። እስኪወጣለት ድረስ ወደ ስፌቴ ዞርኩ። በኋላ ቀና ብሎ «በድዬሻለሁ» አለኝ።

«አዎ፣ በድለኸኛል» አልኩት።

አላባበልኩትም፤ አልሰደብኩትም። መመለስም አልተመኘሁም። ሲሄድ ሰሚራን አስከትዬ እኔም ለሰደቃው እንደምመጣ ነገርኩት። መጣሁም። እሱ ወንዶቹ ጋ፣ እኔ ሴቶቹ ጋ ሆነን ለአንቺ ዱዓ አደረግን።

ወደ ቤት ስንመለስ ሰሚራ ስለ አንቺ ጠየቀችኝ። ሚኒባሱ ቆቦ እስኪደርስ ድረስ ነገርኳት፤ አባቷን ሳላዋርድ፣ የሆነውንም ሳልሸሽግ። የአያቷን ታሪክ ከእኔ አፍ ትወርሳለች። ማን ወለደሽ የሚለኝ ሰው የእናቴን ስም ይሰማል፤ ማን አቆመሽ ካለኝ ግን ከድጃ እለዋለሁ። አላህ በጀነት እስኪያገናኘን ድረስ እንዲህ ስልሽ እኖራለሁ።

ፋጡማ